የምንለካውና የምንፈልገው፦ በፅኑ ሕሙማን ደም ውስጥ ስላለው ካልሲየም

ካልሲየም ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድመው የሚመጡት አጥንትና ጥርስ፣ ወተትና እርጎ ናቸው። ይህም ትክክል ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነውና። ይሁን እንጂ ከቀሪው አንድ በመቶ ውስጥ በደም የሚዘዋወረው እጅግ ጥቂት መጠን የሰውን ሕይወት ከሰዓት ወደ ሰዓት ተሸክሞ ይውላል። ልብ የሚመታው፣ ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት የሚያቀብለው፣ በቁስል ላይ ደም የሚረጋው በእርሱ አጋዥነት ነው።

ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ወይም በአደጋ ብዙ ደም ፈሶት በፅኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው በደሙ ውስጥ ምን ያህል ካልሲየም እንዳለው ሐኪሙ ማወቅ ይኖርበታል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ደም ይቀዳል፣ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፣ አንድ ቁጥር ተጽፎ ይመለሳል። ነገር ግን ተጽፎ የተመለሰው ቁጥር ሐኪሙ ለጠየቀው ጥያቄ መልስ ላይሆን ይችላል።

የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳለ በሕክምና ጉዳይ ለምን እንደ ጻፍን የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ለየትኛው ሕመምተኛ ምን መድኃኒት ይሰጥ የሚለው የሐኪም ድርሻ ነው፤ በዚያ አንገባም። የተለካው ነገር ምንድን ነው፣ ምን ያህልስ ይታመናል የሚለው ጥያቄ ግን የእኛም ጭምር ነው። አቋማችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ በፅኑ የታመመ የቀዶ ሕክምና ታካሚ ካልሲየም በቀጥታ ይለካ እንጂ በቀመር አይገመት፤ መለካት ባልተቻለበት ቦታም ግምቱ ግምት ተብሎ ይጻፍ።

ጠቅላላውና ነጻው

በደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ያለው ካልሲየም በሦስት መልክ ይገኛል። 40 በመቶ ያህሉ በፕሮቲኖች፣ በተለይም አልቡሚን በሚባለው ፕሮቲን ላይ ተጣብቋል። 10 በመቶ ያህሉ ከፎስፌት፣ ከሲትሬት፣ ከላክቴትና ከባይካርቦኔት ጋር ተጣምሯል። የቀረው ግማሽ ያህሉ ሁለት አዎንታዊ ሙሎችን ይዞ በነጻ የሚንቀሳቀስ የካልሲየም አዮን ነው። ልብንና ነርቭን የሚያገለግለው፣ የሰውነት እጢዎችም የሚቆጣጠሩት ይህን ሦስተኛውን ነው።

ነገሩን በገንዘብ መስለን እንየው። አንድ ሰው በዕቁብ የጣለው፣ ለጎረቤት ያበደረውና በኪሱ የያዘው ገንዘብ ሲደመር ብዙ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ገበያ ወጥቶ እህል መሸመት የሚችለው ግን በኪሱ ባለው ብቻ ነው። በተለመደው የላቦራቶሪ ምርመራ የሚታወቀው ጠቅላላው ካልሲየም የዚህ ሰው ሀብት ድምር ነው። ለምርመራው የሚጨመረው የቀለም ኬሚካል ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ እያላቀቀ ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ታስሮ የነበረውንም ነጻ የነበረውንም አንድ ላይ ይቆጥራል። የጤነኛ ሰው ጠቅላላ ካልሲየም ብዙውን ጊዜ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ማለትም ከ2.1 እስከ 2.6 ሚሊሞል በሊትር ነው። ነጻው አዮን ደግሞ ከ1.15 እስከ 1.30 ሚሊሞል በሊትር ገደማ ሲሆን፣ ወሰኑ ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ጥቂት ይለያያል።

ጤነኛ ሰው ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ምጥጥን ብዙ ስለማይናወጥ አንደኛውን አውቆ ሌላውን መገመት አያስቸግርም። አስቸጋሪነቱ የሚመጣው ምጥጥኑ ሲናጋ ነው።

የእንቁራሪት ልብ እንደ መለኪያ

ነጻው ካልሲየም ዋነኛው መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ በለንደን ከሰውነት ተለይቶ የወጣ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚመታ ይመረምር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ልቡ በደኅና ይመታ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የጨው ውሃው የተዘጋጀው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በለንደን የቧንቧ ውሃ እንደ ነበረ ታወቀ። በተጣራ ውሃ ሲዘጋጅ ልቡ እየደከመ ሄዶ ቆመ። የቧንቧው ውሃ ይዞት የነበረው፣ የተጣራው ውሃ ያጣው ነገር ካልሲየም ነበር። ሪንገር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1883 አሳተመ።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፍራንክሊን ማክሊንና ቤርድ ሄስቲንግስ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ልብ መለኪያ መሣሪያ አደረጉት። የእንቁራሪት ልብ የሚኮማተርበት ኃይል በነጻው ካልሲየም መጠን ይወሰናል። ስለዚህ ልቡን በሰው ደም ፈሳሽ ክፍል ውስጥ አድርገው የሚያሳየውን ኃይል መጠናቸው ከታወቀ የካልሲየም ሟሟቶች ጋር በማነጻጸር፣ ነጻው አዮን ምን ያህል እንደ ሆነ ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1934 እና በ1935 ባሳተሟቸው ጽሑፎችም ካልሲየም ከፕሮቲን ጋር የሚተሳሰርበትን ሕግ አስቀምጠው፣ ከጠቅላላው ካልሲየምና ከፕሮቲኑ መጠን ተነሥቶ ነጻውን ለማስላት የሚረዳ ሰንጠረዥ አቀረቡ።

በየሆስፒታሉ እንቁራሪት እያረዱ መለካት የሚቻል አልነበረምና ስሌቱ ተፈላጊ ሆነ። እስከዚህ ድረስ የሚነቀፍ ነገር የለም። መለኪያ ሲጠፋ በግምት መሥራት የሳይንስም የኑሮም ልማድ ነው።

ቀመሩና የተወለደበት ቦታ

ዛሬ የሕክምና ተማሪዎች በቃል የሚያጠኑት ቀመር ይህንን ይመስላል፦ የተስተካከለ ካልሲየም = የተለካው ጠቅላላ ካልሲየም + 0.8 × (4.0 − አልቡሚን)። ካልሲየሙ በሚሊግራም በዴሲሊትር፣ አልቡሚኑ በግራም በዴሲሊትር ይገባል። እንዲህ ያሉ ቀመሮች በስፋት የተለመዱት እ.ኤ.አ. በ1973 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ ፔይንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ላቦራቶሪዎች ቁጥራቸው የተለያየ ብዙ ቀመሮች ወጥተዋል።

የቀመሩ ሐሳብ ግልጽ ነው። አልቡሚን ሲቀንስ ታስሮ ያለው ካልሲየም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነጻው ሳይነካ ጠቅላላው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የጎደለውን እንጨምርበት ይላል። ለአንድ ግራም አልቡሚን 0.8 ሚሊግራም ካልሲየም የሚለው ቁጥር ግን የተፈጥሮ ቋሚ አይደለም። እንደ ብርሃን ፍጥነት በየትም ቦታና በማንኛውም ጊዜ አንድ አይሆንም። ከብዙ ሰዎች የተሰበሰቡ ነጥቦች በግራፍ ላይ ሰፍረው፣ በመካከላቸው ቀጥታ መስመር ተሰምሮ፣ የመስመሩ ተዳፋት የተነበበበት አማካይ ነው። አማካዩ የሚያገለግለው የተሰበሰቡትን ሰዎች ለሚመስል ሰው ነው። በፅኑ የታመመ ሰው ደግሞ በብዙ ነገር እነርሱን አይመስልም።

ሁለት ሕሙማን

የመጀመሪያዋ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ትሁን። አዮዲን በሚጎድላቸው የአገራችን ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት የኖረ ችግር በመሆኑ ይህ ቀዶ ሕክምና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከታይሮይድ እጢ በስተጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ እጢዎች አሉ፤ የደም ካልሲየምን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቢጎዱ ወይም ደም ቢያጥራቸው፣ በቀጣዮቹ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። በዚህች ሕመምተኛ አልቡሚንም የደም ፒኤችም ብዙውን ጊዜ ደኅና ስለሆኑ ጠቅላላው ካልሲየም ሲወርድ ነጻውም አብሮት ይወርዳል። የተለመደው ምርመራ ለእርሷ ብዙ አያሳስትም።

ሁለተኛው በመኪና አደጋ ጉበቱ ተቀዶ ብዙ ከረጢት ደም የተሰጠውና በመተንፈሻ መሣሪያ እርዳታ የሚተነፍስ ወጣት ይሁን። በዚህ ወጣት ደም ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይለዋወጣሉ።

አንደኛው ሲትሬት ነው። በከረጢት የሚቀመጥ ደም እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበታል፤ ሲትሬቱ ነጻውን ካልሲየም ስለሚያስር ደሙ አይረጋም። ደሙ በብዛትና በፍጥነት ሲሰጥ ሲትሬቱም አብሮ ገብቶ የታካሚውን ነጻ ካልሲየም ያስራል። ጤነኛ ጉበት ሲትሬትን ቶሎ ያስወግዳል፤ የቆሰለና ደም ያጠረው ጉበት ግን ይዘገያል። በሲትሬት የታሰረው ካልሲየም ከደም ስላልወጣ በጠቅላላው ድምር ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ ድምሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ነጻው አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ፒኤች ነው። የሃይድሮጅን አዮንና የካልሲየም አዮን በአልቡሚን ላይ ለሚገኙ አሉታዊ ሙል ላላቸው ቦታዎች ይሻማሉ። የመተንፈሻ መሣሪያው ከሚያስፈልገው በላይ በፍጥነት ቢያስተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል፣ ፒኤች ከፍ ይላል፣ የሃይድሮጅን አዮን ቦታውን ይለቃል፣ ካልሲየምም ገብቶ ይታሰራል። ፒኤች በ0.1 ከፍ ሲል ነጻው ካልሲየም 0.05 ሚሊሞል በሊትር ያህል ይቀንሳል። ልብ በሉ፤ አንዲት የካልሲየም አቶም ከደም አልወጣችም፣ አልቡሚኑም አልተለወጠም። ወደ ቀመሩ የሚገቡት ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ ናቸው፤ ስለዚህ ቀመሩ የሚሰጠው መልስም እንዳለ ነው። የልቡ ጡንቻ የሚያገኘው ካልሲየም ግን ቀንሷል። ቀመሩ በዚህ ለውጥ ላይ ፍጹም ዕውር ነው።

ሦስተኛው አልቡሚን ራሱ ነው። በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ ይቀጥናል፣ በሕመሙም ምክንያት ከደም ሥር ይሾልካል። አልቡሚንን በቀለም የሚለኩ አንዳንድ ዘዴዎች ደግሞ መጠኑ በጣም ዝቅ ሲል ከእውነተኛው አብልጠው ያሳያሉ። በቀመሩ ውስጥ የሁለት ልኬቶች ዝንፈት ተዳምሮ ይገባል ማለት ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። የወጣቱ ጠቅላላ ካልሲየም 7.2፣ አልቡሚኑ 2.0 ነው እንበል። ቀመሩ 7.2 + 0.8 × 2.0 = 8.8 ይላል፤ ይህም በጤነኛው ወሰን ውስጥ ነው። «ካልሲየሙ ደኅና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነጻው በቀጥታ ቢለካ ግን 0.90 ሚሊሞል በሊትር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ደሙ አልረጋ ብሎ የሚቸገር፣ የደም ግፊቱም የሚወርድ ታካሚ ካልሲየም እንደ ጎደለው ሳይታወቅ ቀረ ማለት ነው።

ይህ በሐሳብ ብቻ የቀረበ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በብዙ የአካል ክፍላቸው ላይ ጉዳት በደረሰባቸው 100 ፅኑ ሕሙማን ላይ፣ ቀደም ሲል የታተሙ 22 የስሌት ዘዴዎችን በቀጥታ ከተለካው ነጻ ካልሲየም ጋር አነጻጽሮ ነበር። ዘዴዎቹ በአማካይ ካልሲየም ከጎደላቸው ታካሚዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ሳያውቋቸው አለፉ። ከአራት በሽተኞች ሦስቱን «ጤነኛ» የሚል መመርመሪያ ምርመራ ሊባል አይገባውም።

ኤሌክትሮዱ እንዴት ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ1967 ጄምስ ሮስ የካልሲየምን አዮን ለይቶ የሚያውቅ ኤሌክትሮድ ይፋ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ኤድዋርድ ሙር በእንዲህ ያለ ኤሌክትሮድ የሰውን ደም ነጻ ካልሲየም ለክቶ ውጤቱን አሳተመ። ከዚያ ወዲህ እንቁራሪቷ ዐረፈች፤ በስሌት የምንተካውም ልኬት በአልጋው አጠገብ በደቂቃዎች ውስጥ የሚደርስ ሆነ።

አሠራሩ በፊዚክስና በኬሚስትሪ ክፍል ከምታውቁት የራቀ አይደለም። ካልሲየምን መርጦ የሚቀበል ስስ ሽፋን በደሙና መጠኑ በታወቀ ሟሟት መካከል ይደረጋል። በሁለቱ ወገኖች ያለው የካልሲየም አዮን ሲለያይ በሽፋኑ ግራና ቀኝ የቮልቴጅ ልዩነት ይፈጠራል። ልዩነቱን የሚገዛው ቫልተር ኔርንስት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው ስሌት ነው። የካልሲየም አዮን ሁለት ሙል ስላለው፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጠኑ 10 እጥፍ ሲያድግ ቮልቴጁ በ31 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ይለወጣል። ነጻው ካልሲየም ከ1.2 ወደ 1.0 ሲወርድ ደግሞ ለውጡ 2.4 ሚሊቮልት ገደማ ነው። በጤናና በሕመም መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሚሊቮልት ተኩል አይበልጥም! የአንድ ሚሊቮልት ስሕተት ካልሲየሙን በ8 በመቶ ያህል ያዛባዋል። በማስያ መሣሪያችሁ ሞክሩት።

ስለዚህ በቀጥታ መለካትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መሣሪያው መጠናቸው በታወቁ ሟሟቶች በየጊዜው መፈተሽ ይኖርበታል። የደሙ ናሙና ለአየር ቢጋለጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤች ይጨምራል፣ ነጻው ካልሲየምም በስሪንጁ ውስጥ እያለ ይቀንሳል። ናሙናው ሳይመረመር ቢቆይ የደም ሕዋሳት አሲድ እያመረቱ ነገሩን ወደ ተቃራኒው ይወስዱታል። ደም እንዳይረጋ በስሪንጁ ውስጥ የሚጨመረው ሄፓሪን ራሱ ካልሲየም ያስራል፤ ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀው ዓይነት በትክክለኛው መጠን መግባት አለበት። በጥሩ መሣሪያ በግድየለሽነት የተለካ ቁጥር ከቀመሩ የሚሻልበት ምክንያት የለም።

«ውድ ነው» ለሚሉን

ብዙዎች የሚያነሡት ተቃውሞ የዋጋ ነው። ጠቅላላ ካልሲየምና አልቡሚን በአንድ ተራ ፎቶሜትር ይለካሉ፤ ነጻውን የሚለካው መሣሪያ ግን ራሱም፣ በየጊዜው የሚተኩት ካርትሬጆቹም ውድ ናቸው፤ ሁሉም ሆስፒታል ሊኖረው አይችልም ይላሉ። ይህ እውነት ነው። በእርዳታ የመጣ መሣሪያ ካርትሬጅ አልቆበት ወይም ጠጋኝ አጥቶ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ያየን ሁሉ የምናውቀው ነው።

ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው «እንግዲያው ቀመሩ ይበቃል» የሚል ድምዳሜ አይደለም። የሚከተለው ሦስት ነገር ይመስለናል። በመጀመሪያ መሣሪያው ለሁሉም ባይዳረስ እንኳ ቅድሚያውን የሚያገኘው ቦታ ይታወቅ፤ እርሱም ብዙ ደም የሚሰጥበት የቀዶ ሕክምና ክፍልና የፅኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የእንቅርት ታካሚዋ በተለመደው ምርመራ ልትረዳ ትችላለች፤ ወጣቱ ግን አይችልም። በሁለተኛ ደረጃ መሣሪያ ሲገዛ የካርትሬጁና የጥገናው በጀት አብሮ ይያዝ። በሦስተኛ ደረጃ መሣሪያው በሌለበት ቦታ ላቦራቶሪው የለካውን ጠቅላላ ካልሲየምና አልቡሚን እንዳለ ይጻፍ፤ የተሰላው ቁጥር የተለካ መስሎ በውጤት ወረቀቱ ላይ አይስፈር። ሐኪሙ የሕመሙን ምልክት፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምርመራና የተሰጠውን ደም ብዛት አይቶ ራሱ ይመዝነው። አላዋቂነትን የሚገልጽ ባዶ ቦታ አዋቂ ከሚመስል የተሳሳተ ቁጥር ያነሰ ይጎዳል፤ ሐኪሙን ያነቃዋልና።

ሌላም ሚዛናዊ ተቃውሞ አለ። ነጻው ካልሲየም በፅኑ ሕሙማን ዘንድ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ይሁንና በደም ሥር ካልሲየም መስጠት የእነዚህን ሕሙማን ዕድል እንደሚያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ግልጽ ማስረጃ አላገኘም። ታዲያ መለካቱ ምን ይረባል? እኛ ይህን የምናየው ለቀጥታ ልኬት እንደ ተጨማሪ ምክንያት ነው። ካልሲየም ያላስፈለገው ሰው ሲሰጠው ሊጎዳ ይችላል፤ ያስፈለገው ሲከለከልም ይጎዳል። ማን ማን እንደ ሆነ ለመለየት፣ ሕክምናው ይጠቅም አይጠቅም እንደ ሆነም ለማጥናት፣ መጀመሪያ ትክክለኛውን ነገር መለካት ግድ ነው። በተሳሳተ ልክ የተመሠረተ ጥናት መልሱም የተሳሳተ ይሆናል።

ለተማሪዎቻችን

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ የሕክምናውን ዝርዝር ብትረሱት አንቀየምም። ሁለት ነገር ግን ያዙልን።

ተዛምዶና ስምምነት አንድ አይደሉም። በብዙ ሰዎች ላይ የተሰላው ካልሲየምና የተለካው ካልሲየም በግራፍ ላይ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ፤ ተዛምዷቸውም ጥሩ ሊባል ይችላል። ብላንድና አልትማን የተባሉ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስገነዘቡት፣ ሁለት የመለኪያ ዘዴዎች እርስ በርስ መተካካታቸው የሚፈተነው በየአንዳንዱ ሰው ላይ በሚያሳዩት ልዩነት ስፋት ነው። በአልጋው ላይ የተኛው ሰው ደግሞ አማካይ አይደለም፤ አንድ ሰው ነው።

እንዲሁም በየትኛውም ሙያ ብትሰማሩ ቁጥር ሲሰጣችሁ «ይህ ተለክቶ ነው ወይስ ተሰልቶ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተሰልቶ ከሆነ «ቀመሩ የት፣ በነማን ላይ ተወለደ?» በሉ። ስለ ዝናብ መጠንም፣ ስለ ግድብ ጥንካሬም፣ ስለ ሕዝብ ብዛትም ጥያቄው ያው ነው።

አገራችን ካልሲየምን የሚለካ መሣሪያ መግዛት ትችል ይሆናል። የሁለት ሚሊቮልቱን ልዩነት ትርጉም የሚያውቅ፣ ሽፋኑ ሲያረጅ የሚለይ፣ መሣሪያው ሲዋሽ የሚነቃበት ሰው ግን ከገበያ አይገዛም፤ በእኛው የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች መውጣት ያለበት ነው። የኔርንስትን ስሌት ለፈተና ብቻ አጥንቶ የሚረሳ ተማሪና በስሌቱ የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ባለሙያ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትሆኑ የምትመርጡት ዛሬ ነው። «ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይባላል፤ እኛ የምንጨምረው ከመለካታችሁ በፊት የምትለኩትን ነገር ለይታችሁ ዕወቁ የሚለውን ብቻ ነው።